ኮላጅኑ ቡናማ ከወጣ ቁጥሩን አይመኑ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከአንድ ቁፋሮ ከወጡ የበግና የከብት አጥንቶች ኮላጅን (የአጥንት ፕሮቲን) ተለይቶ፣ እንስሳቱ የበሉትን ለማወቅ ተለክቷል። ሦስቱ ቡናማ ሆነው ካርቦን 41 በመቶ፣ ናይትሮጅን 12.3 በመቶ፣ ካርቦን-13 (ከባዱ የካርቦን ዓይነት፣ ከመለኪያ ደረጃው በሺህ ስንት እንደሚለይ) ደግሞ −21.0‰ ሰጡ። ከዚያው ንብርብር የወጡት ሌሎቹ ነጭ ሲሆኑ −19.7‰ አካባቢ ናቸው። ናይትሮጅን-15 በሁሉም 6.4‰ ገደማ ነው። አንዱ ቡናማ አጥንት የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው። «41 ለ12.3 ሲካፈል 3.33 ነው፤ ለጤናማ ኮላጅን ከተፈቀደው የካርቦንና ናይትሮጅን ንጽጽር፣ 2.9–3.6፣ አልወጣም። እንስሳቱ ሌላ መኖ በልተው ይሆን?»

መኖው አይመስለኝም። ቡናማ ቀለም፣ የወረደ ካርቦን-13 እና ንቅንቅ ያላለ ናይትሮጅን-15 አንድ ላይ ሲመጡ የምጠረጥረው ከአፈር የገባ ሂዩሚክ አሲድን (ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጣ ቡናማ ውህድ) ነው። እሱን የሚያወጣውን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እጥበት ዘለውታል ብዬ እገምታለሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን ያስተካክሉ። 2.9–3.6 የአቶሞች ብዛት ንጽጽር እንጂ የክብደት አይደለም። 3.33ን በ1.167 (14 ለ12 ሲካፈል) ያባዙት፤ 3.89 ይመጣል። ከክልሉ ወጥቷል።

ይህን ቁጥር በደንብ ያስቡበት። ጤናማ ኮላጅን ለ100 የናይትሮጅን አቶም 320 ያህል የካርቦን አቶም አለው። ይህን የሚወስነው የአሚኖ አሲዶቹ ድርድር ስለሆነ እንስሳው ምንም ቢበላ አይለወጥም። የእርስዎ 389 አለው፤ 69ኙ እንግዳ ነው፣ ከጠቅላላው ካርቦን 18 በመቶ ገደማ። ሂዩሚክ አሲድ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ጥቂት ስለሆነ አንዱን ልኬት ጎትቶ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። እንግዳው ካርቦን −27‰ ነው ብንል፣ 320 እጅ −19.7 ከ69 እጅ −27 ጋር ሲቀላቀል −21.0‰ ይሆናል። ያገኙት ቁጥር ይኸው ነው! ግን በዚህ ስሌት ውጤትዎን ለማረም አይሞክሩ፤ −27 የኔ ግምት ነው።

ወደ ሥራው። የደረቀውን ቡናማ ኮላጅን ለማዳን አይድከሙ፤ ከቀረው አጥንት ከ0.5 እስከ 1 ግራም ቁራጭ ይውሰዱ። ዱቄት አያድርጉት፤ በእጥበቱ ይጠፋል። ገጹን በዝግታ በሚሽከረከር መፈልፈያ ይፋቁ። በ0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስቀምጡ፤ በየሁለት ቀኑ አሲዱን ይቀይሩ፤ አረፋው ቆሞ ቁራጩ እስኪለሰልስ ድረስ። የቱቦውን ክዳን አያጥብቁ፤ አጥንቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ የታሸገ ቱቦ ፈንድቶ አሲድ ፊት ላይ ይረጫል።

በተጣራ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (በሊትር 4 ግራም) ይጨምሩ። ፈሳሹ ሻይ ሲመስል በየ20 ደቂቃው ይቀይሩ፤ ቀለም መልቀቅ ሲያቆም ወዲያው ያቁሙ፣ ኮላጅኑንም ይበላልና። እንደገና ይለቅልቁ፤ ለ15 ደቂቃ ወደ አሲዱ ይመልሱ፤ ክዳኑ አሁንም ላላ ይበል። ቀጥሎ ፒኤች 3 በሆነ ውሃ በ70 ዲግሪ ለ48 ሰዓት፣ ማጣራት፣ በቅዝቃዜ ማድረቅ።

የሚያብረቀርቀው አጥንት ሌላ ጣጣ አለው። የቀባው ሰው ምን እንደቀባ አለመመዝገቡ ያናድዳል። ፓራሎይድ (አጥንት ማጠንከሪያ ሰው ሠራሽ ሙጫ) ከሆነ አሴቶን ያነሳዋል። ከእንስሳ የተሠራ ማጣበቂያ ከሆነ ግን ራሱ ኮላጅን ስለሆነ ንጽጽሩ ፍጹም ጤናማ መስሎ ያታልላል፤ ሽፋን ያልነካው ቦታ ፈልገው ከዚያ ይቁረጡ።

ከነጮቹ አንዱን እንደ መቆጣጠሪያ አብረው ያስኬዱ፤ ለልኬቱ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊግራም ኮላጅን በቆርቆሮ ካፕሱል ይበቃል። በአልትራፊልተር (ትንንሽ ሞለኪውሎችን የሚለይ ረቂቅ ማጣሪያ) የሚያጣሩ ከሆነ ግን ከመጠቀምዎ በፊት ደጋግመው ይጠቡት። ብዙዎቹ በግሊሰሪን ተቀብተው ይመጣሉ፤ ግሊሰሪን ካርቦን እንጂ ናይትሮጅን የለውም፣ ያጠራነውን ናሙና መልሶ ወደ 3.9 ይወስደዋል።