ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፓርኪንሰን ያለባቸው አባቴ የሌሉ ሰዎች ያያሉ፤ መድኃኒቱን እናቁም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆነ። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን እንክብል በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ስለባሰ ከሁለት ወር በፊት አርቴን የተባለ ሌላ እንክብል ተጨመረላቸው። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በሩ ላይ ልጆች ተቀምጠው ያያሉ። «እነዚህን ልጆች እራት ስጧቸው እንጂ!» እያሉ እናቴን ይቆጣሉ። ሰሞኑን ደግሞ ወንድሜ የመሬት ደብተራቸውን ሊሰርቅ ያሰበ ይመስላቸዋል፤ አንድ ቀን ፍራሽ ሥር፣ አንድ ቀን ጎተራ ውስጥ ሲደብቁት ያድራሉ። አንድ ክሊኒክ ወስደናቸው ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ታዘዘ። በአራተኛው ቀን እንደ እንጨት ደርቀው ምራቃቸውን መዋጥ ስላቃታቸው አቆምነው። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ውሰዷቸው ይላል። የፓርኪንሰኑን መድኃኒት በሙሉ ብናቆምላቸውስ?

መልስ፦ ሌቮዶፓውን አያቁሙ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገትራል፣ ከባድ ትኩሳት ይነሳል፣ ሕመምተኛው ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። መቀነስ ቢያስፈልግ እንኳ ሐኪም እየተከታተለ ቀስ በቀስ ነው።

ሃሎፔሪዶሉን ማቆማችሁ ግን ትክክል ነበር። ፓርኪንሰን የሚመጣው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ ለሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ነው። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ደግሞ የተረፈው ዶፓሚን እንኳ ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክሉታል። ሪስፔሪዶንም ከዚያው ወገን ነው፤ ለማቅለሽለሽ በየክሊኒኩ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም እንዲሁ። የእነዚህን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከሕክምና ካርዳቸው ጋር አስቀምጡ፤ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያገኛቸው ባለሙያ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ላያውቅ ይችላል።

አባትዎ አላበዱም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ይህን ሕመም ሲገልጸው አእምሮ አይነካም ብሎ ነበር፤ በዚህስ አልቀናውም። ሕመሙ እየቆየ ሲሄድ የሌለ ማየት በብዙዎች ላይ ይደርሳል። አጀማመሩ ቀላል ነው፦ ከኋላ ሰው የቆመ መምሰል፣ በዓይን ጥግ ድመት ሽው ያለች መምሰል፣ በምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ሰው መስሎ መታየት። ቀጥሎ ልጆች፣ እንግዶች፣ እንስሳት ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ ዝም ያሉ ናቸው፤ ድምፅ መስማት የሚበዛው ስኪዞፍሬንያ በተባለው ሕመም ነው። መጀመሪያ ላይ ሕመምተኛው የሚያየው እውነት እንዳልሆነ ራሱ ያውቃል። ያ ማስተዋል ሲጠፋ ጥርጣሬው ይከተላል፤ ተሰረቅሁ፣ ሚስቴ ከዳችኝ ማለት የተለመደ ነው። እንደ ደብተሩ ያለ ነገር ላይ መድረሱ ሕመሙ ጠንከር ማለቱን ስለሚያሳይ ነገ ዛሬ ሳትሉ አሳዩአቸው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አርቴንን ነው። መንቀጥቀጥ ሊቀንስ ይችላል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን ግራ ያጋባል፣ ያስረሳል፣ የሌለ ያሳያል። ለ72 ዓመት አዛውንት ባይታዘዝ እመርጣለሁ። እርስዎ የጻፉት የጊዜ ቅደም ተከተልም ወደዚያው ይጠቁማል። ያዘዘው ሐኪም ደረጃ በደረጃ ይቀንሰው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ቀን አይቆረጥም። ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን ጨምረው የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው።

ሐኪሙ ሳይመረምር ማለፍ የሌለበት ሌላው ነገር ኢንፌክሽን ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች በአዛውንት ላይ ያለ ትኩሳት ገብቶ የሚታየው በቅዠት ብቻ ሊሆን ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ የደም ምርመራም ይጨመር። የሆድ ድርቀትና የውኃ ማነስ ያባብሱታል። ዓይናቸውንም አሳዩ፤ የዓይን ሞራ የጋረደው ሰው በደብዛዛ ብርሃን የሚያየውን አእምሮው በራሱ ይሞላዋል። እስከዚያው ሲመሽ አምፖሉን ቀደም ብላችሁ አብሩ፣ በምሰሶውና በግድግዳው የተሰቀለውን ልብስ አንሱ።

ልጆች አሉ ሲሉ «የሉም!» ብሎ መሟገት ቁጣ ያመጣል እንጂ አያሳምናቸውም። እራት አቅርባችሁ ማስመሰልም አልመክርም። «ለእኔ አይታዩኝም፤ ለእርስዎ ግን እንደሚታዩዎት አውቃለሁ፤ ይምጡ ምድጃው ዘንድ እንቀመጥ» ማለት ይበቃል። ወንድምዎም ስድቡን በልቡ አይያዘው። ደብተሩን ከእጃቸው አትንጠቁ፤ ቅጂውን ግን አስቀሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻላቸው መድኃኒት አለ። ክሎዛፒን በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ነጭ የደም ሴልን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊቀንስ ስለሚችል ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ኩዌቲያፒን ማስረጃው ደካማ ቢሆንም ለክትትል ስለሚቀል ብዙ ሐኪሞች እሱን ያስቀድማሉ፤ የሚጀመረውም በማታ፣ በትንሹ ነው። ቅዠቱ የመጣው ከእንቅስቃሴው ችግር ጋር አብሮ ወይም ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ሌዊ ቦዲ የተባለውን የመርሳት ሕመም አስብ ነበር፤ በዚያ ላይ ሃሎፔሪዶል ይበልጥ አደገኛ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ያለበትን ጠይቃችሁ ሂዱ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ።

ጸበል መሄዱን አልከለክልም። እንክብላቸው ግን በሰዓቱ ይወሰድ፣ ብርድ አይንካቸው፣ ውኃ ሳይጠጡ አይዋሉ። የባህል መድኃኒት ከሆነ አስተናግር ያለበት ነገር ፈጽሞ አይቅመሱ፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አንጎል ላይ የሚሠራው አርቴን የሚሠራውን ነው፣ ያውም ያለ መጠን።

መዋጥ ካቃታቸው፣ ትኩሳት ከመገተር ጋር ከመጣ ወይም ድንገት እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷቸው። ሌባ መጣ ብሎ ሌሊት የሚነሳ ሰው ባለበት ቤት ጠመንጃ መኖር የለበትም። በእናንተ ቤት ካለ፣ በዘመድ ሽማግሌ በኩል አነጋግራችኋቸው ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ፤ ጥይቱም አብሮ።