የድሬዳዋን ጎርፍ ለምታጠኚው እህቴ፦ ከከተማው ዝናብ አትጀምሪ

«ለማስተርስ መመረቂያዬ የድሬዳዋ ነዋሪዎችን የጎርፍ ተጋላጭነት ላጠና ነው፤ መረጃ ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፦ እኔም የተመረቅሁት በዚሁ ርዕስ ነው። የመጠይቅ አዘገጃጀቱን አማካሪሽ ይነግርሻል፤ እኔ ግማሽ ዓመት ያስከፈለኝን ልንገርሽ።

1. የከተማውን የዝናብ መዝገብ ብቻ ይዘሽ እንዳትቀመጪ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ቁጥሩን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ጎርፍ ከወረደባቸው ቀናት ጋር ሳስተያየው አልገጥም አለኝ። ስሌቴን ስጠራጠር ወራት አለፉ። ችግሩን የፈቱልኝ ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። መጠይቁን ስሞላ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰዱና ወደ ደንገጎ አቅጣጫ፣ ወደ ተራራው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ የእኛን ሰማይ ምን ያደርግልሃል? ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነው» አሉኝ።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ገደሉ ውሃውን ሳያቆይ ቁልቁል ይለቀዋል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ጎርፉ ከ250 በላይ ሰው የፈጀው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ስለዚህ ስለ ቤቱ ግድግዳ ብቻ አትጠይቂ። ከላይ ዘነበ የሚል ወሬ ለማን ቀድሞ ይደርሳል? በሌሊት ማን ማንን ይቀሰቅሳል? የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ማን ይሸከማል? እኔ እነዚህን ጥያቄዎች ያስገባሁት ዘግይቼ ነው፤ 40 ቤት እንደገና ዞሬአለሁ።

2. የትብብር ደብዳቤ በብዙ ቅጂ ያዢ። የተፈናቃዮች መዝገብ ያለበት አንድ መሥሪያ ቤት 11 ቀን አመላለሰኝ። በመጨረሻ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ተማሪ ሁሉ መጥቶ ይወስዳል፤ ምን ይዛችሁልን ተመለሳችሁ?» አለኝ። መዝገቡን ሳላይ ወጣሁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በማግስቱ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝቼ ቤት ለቤት ሄድሁ። ውሃው የደረሰበትን በእጃቸው እያሳዩኝ ለካሁ። አንድ አባት ከመስኮቱ በላይ ሊደርሱ ወንበር ላይ ወጡ፤ እጃቸው ግድግዳው ላይ እያለ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ፈታኞቼ ከሁሉ አብልጠው ያመሰገኑት የዚያን ልኬት ሠንጠረዥ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ።

መጠይቅሽ በአማርኛ ብቻ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክዪው። የኦሮምኛና የሶማሊኛ ትርጉሙ እኔ ጋር አለ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።