ሳምንቱ አልበቃ ላላት የአንደኛ ዓመት ተማሪ

ጥያቄው (አሳጥሬዋለሁ)፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዘንድሮ ስድስት ኪሎ ገብቼ ፍሬሽማን ጀምሬያለሁ። ሶሻል ነኝ፣ ስድስት ኮርስ አለን። ቤታችን አያት ስለሆነ ዶርም የለኝም፣ ተመላልሼ ነው የምማረው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ በመገናኛ ሰልፍ የተነሳ 2:30 ክፍል የምደርሰው ለጥቂት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ 5:30 እማራለሁ፤ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ክላስ ስለሌለ ከአዲሶቹ ጓደኞቼ ጋር ላውንጅ እንቀመጣለን። ማታ ታናሽ ወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ ሒሳብ አስጠናዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ የጎረቤት ልጅ በክፍያ አስጠናለሁ። ቅዳሜ የሰፈር ጓደኞቼ አሉ፣ ወደ ማታ የመዝሙር ጥናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አክስቴ ጋ ወይም የእናቴ ማኅበር ነው፤ ለቅሶ ካለም እናቴን ወክዬ የምሄደው እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ እራት ላይ ‹ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?› እያለ ይቀልድብኛል። የመጀመሪያው የሒሳብ ኩዊዝ ላይ ከ10 3 አመጣሁ። ጓደኞቼን ልተው? ማስጠናቱን ላቁም? አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ‹የፍሬሽማን ኮርስ ለሥራ አይጠቅምም፣ ኮዲንግ ተማሪ› ትለኛለች። ወደፊት የምፈልገው ኢኮኖሚክስ ወይም አካውንቲንግ ነው።»

እህቴ፣ ጓደኞችሽን አትተዪ። ማስጠናቱንም አታቁሚ። አጭሩ መልስ ይኼ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ። ለሁሉም ሰው ሰዓት አለሽ። ወንድምሽ ማታ አለው። የጎረቤት ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ አለው። መዝሙሩ ቅዳሜን፣ ማኅበሩ እሁድን ይዟል። አንቺ ራስሽ የምታነቢበት ሰዓት ግን የትም አልተጻፈም። ረስተሽው አይመስለኝም፤ «ትርፍ ሰዓት ሳገኝ» ብለሽ ያቆየሽው ነው። ትርፍ ሰዓት የምታገኚው ደግሞ ቤት ስትገቢ ነው፣ ቤት ያለው ሰዓት ያንቺ አይደለም። የቡና ነው፣ የእንግዳ ነው፣ «እስቲ አንዴ ሱቅ ድረሺ» ነው። ይህን ለወቀሳ አልልም። እኛ ጋ በር ዘግቶ የሚያነብ ልጅ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል።

ስለዚህ የምመክርሽ ንባብሽን ግቢ ውስጥ ጨርሰሽ እንድትመለሺ ነው። ከቤተሰብሽ ጋር ሰዓት ከምትሻሚ፣ ሰዓቱን እነሱ ከሌሉበት ቦታ ውሰጂው።

ስንት ሰዓት ያስፈልግሻል? መምህራኑ በአፍ ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ ወረቀት ላይ ግን አለ። የኮርስ አውትላይንሽን፣ ማለትም የኮርሱ ዕቅድ የተጻፈበትን ወረቀት፣ አውጪና እይው። አብዛኛው የፍሬሽማን ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ነው፤ ኢሲቲኤስ አንድ ኮርስ ከተማሪው የሚጠይቀው ሥራ የሚለካበት ነጥብ ነው። በብዙዎቹ አውትላይኖች 5 ኢሲቲኤስ ማለት 135 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ሌክቸሩ ከዚህ ውስጥ 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት። የቀረው 87 ሰዓት ቱቶሪያል፣ አሳይመንትና የራስሽ ንባብ ነው። ስድስት ኮርስ ሲሆን በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ክፍል የምትቀመጪው 18ቱን ነው። 32 ሰዓት ይቀራል ማለት ነው።

አትደንግጪ። 32ቱን ሙሉ የሚያነብ ፍሬሽ እኔም ብዙ አላየሁም። ግማሹን ሳያቋርጥ የያዘ ግን ሚድ ሲደርስ ሌሊት ችከላ ውስጥ አይገባም። ካንቺ የምፈልገው 17 ሰዓት ነው። እሱም ማታሽን ሳይነካ ይገኛል።

መጀመሪያ ከጠዋቱ እንውሰድ። 1 ሰዓት ላይ መውጣት ማለት ከሠራተኛውና ከተማሪው ሁሉ ጋር መውጣት ነው። 12 ሰዓት ላይ ውጪ። መገናኛን ሰልፉ ሳይረዝም ትሻገሪዋለሽ። አራት ኪሎ ወርደሽ ዳገቱን በእግርሽ ብትወጪው እንኳ 1:15 ላይ ግቢ ነሽ። እስከ 2:30 አንድ ሰዓት ከሩብ አለሽ። በአምስት ቀን ስድስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። አመሻሽተሽ ብታነቢ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አልመክርሽም። ከ12:30 በኋላ ይጨልማል፣ የታክሲው ግፊያም ያኔ ይብሳል፣ እናትሽም ስልክ እየደወሉ እረፍት ያጣሉ። ጠዋት ሁሉንም ያስታርቃል። ማታ ቀደም ብለሽ መተኛት ግን ይኖርብሻል፤ ስልኩን ከትራስሽ አርቂው።

ቀጥሎ የላውንጁ ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። ይህ በጣም ትልቅ ሀብት ነው፤ ዶርም ያለው ተማሪ እንኳ እንዲህ ተለይቶ የተቀመጠ የቀን ሰዓት በቀላሉ አያገኝም። አንድ ሰዓት ተኩሉን ብሉበት፣ ተጫወቱበት፣ ማኪያቶውንም ጠጡ። ሁለቱን ሰዓት ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ግቢ። ስድስት ሰዓት ሌላ ተገኘ። ይህን ሰዓት ለሒሳብ ብቻ አድርጊው፤ እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት ይዘሽ፣ መልሱን ሳታዪ እየሠራሽ። ሒሳብ ሃንድአውት በማንበብ አይገባም። ደግሞ ከ10 3 ያን ያህል የሚያስለቅስ አይደለም። አሥሩ በሙሉ ቢያዝ እንኳ ገና 90 ይቀራል።

ቅዳሜ ጠዋትን ስጪኝ። ታክሲሽ አራት ኪሎ ስለሚያደርስሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአንቺ ምቹ ነው። አምስት ሰዓት አንብቢና ውጪ። የሰፈር ጓደኞችሽን ከሰዓት አግኚያቸው። እንዲያውም አንዳንዶቹ እዚያው ይምጡ፤ በየኮሌጁ የተበተኑ ከሆነ እነሱም የሚያነቡት አያጡም። ከዚያ ወደ መዝሙር ጥናትሽ።

ደምሪው። 17 ሰዓት ከሩብ ነው። እሁድን አልነካሁም፣ የወንድምሽንም ማታ አልነካሁም።

አሁን ስለ ቤት። እናትሽ አንቺን ለቅሶ የሚልኩሽ ክፉ ሆነው አይደለም። ከውጭ ሲታይ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ በቀን ሁለት ክላስ ተምሮ የሚመለስ ሰው ነው። ሃይስኩል ሙሉ ቀን ትውዪ ነበር፤ አሁን «ነፃ ነሽ»። ያን የ135 ሰዓት ስሌት በወረቀት አሳዪያቸው፤ ከኮርስ አውትላይኑ ላይ፣ ቁጥሩን በጣትሽ እየጠቆምሽ። «ደከመኝ» ከሚል ልጅ ይልቅ ወረቀት የያዘ ልጅ በቤታችን ይደመጣል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚ፦ ሚድና ፋይናል ባለበት ሳምንት ማኅበርና አክስት ቤት ይቅርብኝ በይ። ቀኖቹን ቀድመሽ ንገሪያቸው። የዛሬን ልተው ብሎ ዛሬ መጠየቅ ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ከወር በፊት የተነገረ ግን እንደ ቀጠሮ ይከበራል።

ለቅሶውስ? የቅርብ ሰው ከሆነ ሂጂ፣ ፈተናም ቢሆን። የሩቅ ከሆነ ከሦስቱ ቀን አንዱን ድረሺ። ግን ልጠይቅሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ታላቅ ወንድምሽ የታየው እራት ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሲቀልድ። እድሩ የሚፈልገው ከቤቱ ሰው መምጣቱን ነው፤ የግድ ሴት ልጅ ትምጣ የሚል መተዳደሪያ እኔ አላውቅም። ይህን እኔ ብለው ያስቀይማል፣ አንቺ ግን እየሳቅሽ ልትነግሪው ትችያለሽ። ታናሽየውንም በሳምንት አንድ ማታ እሱ ያስጠናው።

ስለ አዲሶቹ ጓደኞችሽ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ተመላልሶ የሚማር ተማሪ ግቢውን እንደ ታክሲ ተራ ነው የሚያየው፤ ይገባል፣ ይወጣል። ሲኒየሮች ያለፈ ዓመት ፈተና የሚሰጡት፣ ክላስ መቀየሩ የሚሰማው፣ ማን ምን እንደገባው የሚታወቀው ዶርም ውስጥ ነው። ስለዚህ ካገር ቤት ከመጡት አንዷ ጋር በደንብ ተቀራረቢ። አንቺም የምትሰጪያት አለ። ብዙዎቹ ገናን ግቢ ነው የሚያሳልፉት፤ ቤትሽ ጥሪያት። እናትሽም ደስ ይላቸዋል፣ ጓደኛሽ ስትመጣ «ይቺማ ከእኔ የበለጠ ነው የምታነበው» ብለሽ ብታስተዋውቂያት ደግሞ ከእኔ ደብዳቤ የበለጠ ይሠራልሻል።

የግሩፕ አሳይመንት ላይ ግን ጥብቅ ሁኚ። እንደ አንቺ እምቢ ማለት የሚከብዳት ልጅ የአምስት ሰው ሥራ ብቻዋን ስትሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ በተገናኛችሁበት ቀን ክፍሉን ተካፈሉ፣ ስምና ቀን በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይጻፍ። የፎረፈ ካለ እዚያው ይታያል፣ አንቺም ከማንም ጋር አትጣዪም።

«ለሥራ አይጠቅምም» ላለችው ጓደኛሽ መልስ አለኝ። ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ተፈላጊውን ቦታ ለማግኘት የፍሬሽማን ነጥብ ትልቅ ድርሻ አለው። ነጥቡ ሲሰላ ደግሞ የከበደውና የቀለለው ኮርስ ክሬዲታቸው እኩል ከሆነ እኩል ነው የሚቆጠሩት። ስለዚህ ሒሳብ ሲያስፈራሽ ሎጂክን፣ ጂኦግራፊንና እንግሊዝኛን «እነሱማ ቀላል ናቸው» ብለሽ እንዳትተያቸው። ሒሳብ ላይ ያጣሽውን የምታካክሺው እነዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሴሚስተር 2.8 ቢሆንና ሁለተኛው 3.6 ቢመጣ፣ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ 3.2 ነው የምትሆኚው። ጥሩ ነው፣ ግን 3.6 ያመጣሽበት ድካም ግማሹ ጉድጓድ ሲደፍን አለቀ። እንግሊዝኛውንም አትናቂው። የሥራ ማመልከቻ ሳነብ ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ አንድ አንቀጽ ስለ ራሱ መጻፍ አቅቶት አያለሁ።

ኮዲንጉን አልጠላሁትም። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ነው፣ ሲጨርሱም ሰርተፍኬት ይሰጣል። ከኮርሶቹ ውስጥ የዳታ ሳይንስ መሠረታዊው ለኢኮኖሚክስም ለአካውንቲንግም ይሆናል። ግን በዚህ ሴሚስተር አይሆንም። የሴሚስተር እረፍት ላይ ጀምሪው። አሁን ከጀመርሽው የሚበላው ያንን 17 ሰዓት ነው።

በክፍያ ማስጠናቱን እንድትቀጥዪ ያልኩት ለታክሲ ስለሚሆንሽ ብቻ አይደለም። ስትመረቂ ሲቪ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚል ቦታ አለ፤ አብዛኛው ተመራቂ ባዶ ያደርገዋል። አንቺ ከፍሬሽማን ጀምሮ ሒሳብ አስጠንተሻል። ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ስንተኛ ክፍል፣ የልጁ ውጤት ከስንት ስንት እንደደረሰ በደብተር ያዢ። ወላጆቹንም ወደፊት ስለ አንቺ ለሚጠይቅ ቀጣሪ ይመሰክሩልሽ እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቂያቸው። ግን ከሁለት ቀን አታሳልፊው። ሌላ ጎረቤት ይመጣል፣ እርግጠኛ ነኝ። «ዘንድሮ ሞልቷል» በይ።

ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ መሐል ገና አትወስኚ። ሁለቱ ከውጭ ተመሳሳይ ቢመስሉም ውስጣቸው ይለያያል። ኢኮኖሚክስ ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ አለው፤ የዚህን ሴሚስተር ሒሳብ ወደሽው ከሠራሽ ይሆንሻል። አካውንቲንግ ላይ የሒሳቡ ክብደት ከኢኮኖሚክሱ ያንሳል፤ የሚፈልገው ሕግ ማንበብና ጥንቃቄ ነው። ከአዋጅ 847/2006 ወዲህ ድርጅቶች የሒሳብ መግለጫቸውን በዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት መመዘኛዎች መሠረት እንዲያዘጋጁ ስለሚጠየቅ፣ የሚነበበው ብዙ ነው። በሁለቱም ከ2015 ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ይጠብቅሻል፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ከሚድ በኋላ አንድ ከሰዓት ውሰጂና ከሁለቱም ዲፓርትመንት አንዳንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገሽ ደብተራቸውን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። «እንዴት ነው?» አትበያቸው፤ ሁሉም «አሪፍ ነው» ነው የሚሉሽ። ባለፈው ሳምንት የሠሩትን አሳይመንት ያሳዩሽ። እያየሽው «ይህን እኔም መሞከር እፈልጋለሁ» ያሰኘሽን ጻፊልኝ።