አሮጌ ናፍጣ መኪና ይዘህ ወደ ጅቡቲ ከመውረድህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጅማ ላይ 3ኤል ሞተር ያለው አሮጌ ሃይሉክስ ገዝተሃል። ሥራህ ደግሞ ጅቡቲ ሊያስገባህ ነው። «መኪናው ያንን ሙቀት ይችላል ወይ? ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው የሚሉኝስ ልክ ናቸው?» ብለሃል። ይችላል። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ግን እንዳታስነካ።

እኔ ያንኑ ሞተር ይዤ አራት ዓመት ጅቡቲ ሠርቻለሁ። መኪናው ዛሬም ጅማ ከኔ ጋር አለ። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ግን አንድ ጊዜ ከፍዬበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጅማ አየር የመኪናን በሽታ ይደብቃል። ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከተማ ውስጥ የምንነዳውም አጭር አጭር መንገድ ነው። ራዲያተሩ ግማሹ ቢደፈንም እዚህ ያኖርሃል። ጅቡቲ በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትሆን ያ ግማሽ አይበቃህም። ሙቀቱ አዲስ በሽታ አያመጣም፣ ከዚህ ይዘኸው የሄድከውን ነው የሚያወጣው።

እኔም ልሄድ ስል አንድ መካኒክ «ለቆላ እንዲህ ነው የሚሻለው» ብሎ ቴርሞስታቱን አወጣው። አመንኩት። አንድ ቀን ዕቃ ጭኜ፣ ኤሲ ከፍቼ ከጅቡቲ ከተማ ወደ አርታ አቀበቱን ስወጣ የሙቀቱ ጌጅ ከመሀል ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ድንገት ወረደ። ተመስገን፣ በረደ ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። ለካ ውሃው አልቆ ነበር። የሙቀት መለኪያው ውሃ ውስጥ ካልተነከረ ባዶ አየር ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ጌጁ ይወርዳል። ቴስታታው ተሰነጠቀ። ይህችን በተለይ ያዝልኝ፦ አቀበት ላይ ጌጅ ተነስቶ ድንገት ከወረደ ወዲያው ቁምና ሞተሩን አጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍት። እንደነደደ ቀዝቃዛ ውሃም አትጨምርበት፣ እስኪበርድ ጠብቅ።

ቴርሞስታት ለብርድ አገር ብቻ የተሠራ ይመስለናል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ግን ሲከፈት ሌላም ሥራ አለው። ውሃው ራዲያተር ሳይገባ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ይዞራል። ሜዳ ላይ አይታወቅህም። ጭነትና አቀበት ሲገጥምህ ጉድ ይፈላል። በ82 ዲግሪ የሚከፈተውን አዲስ ግዛና አስገባ።

ከዚያ ራዲያተሩን ፈትሽ። ሞተሩን አሙቀህ ካጠፋህ በኋላ፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) መቆሙን አይተህ፣ ፊቱን ከላይ እስከ ታች ተጠንቅቀህ ዳስሰው። የሚበርድ ቦታ ካገኘህ እዚያ ጋ ተደፍኗል። መኪናው ቡና ሲጭን የኖረ ከሆነ በክንፎቹ መሀል ጭቃና ገለባ አይጠፋም። ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ቀስ ባለ ውሃ እጠበው። ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። ውስጡ ያለው ውሃ ዝገት ከመሰለ አስቀድተህ አሳጥበው፣ ከዚያ ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ ሙላ። አደራ፣ ለባትሪ ከሚሸጠው አሲድ ጋር እንዳይምታታብህ። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ድንጋይ ይሠራበታል።

የራዲያተሩን ክዳን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጅማ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት መጠን ነው) ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ እስከ 115 ያደርሰዋል፣ ጅቡቲ ደግሞ ወደ 120 ይጠጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣሃል። ዋጋው ከሌላው ዕቃ አንጻር ምንም ነው፣ ዛሬውኑ ቀይረው። ቬንትሌተሩንም አትርሳ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅህ ስትገፋው ከበድ ማለት አለበት። ብዙ ዙር በነጻ ከሾረ በመያዣው ውስጥ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል ማለት ነው።

ሌላው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በግፊት የሚልከው ፖምፓ ነው። ጠዋት በአንድ ምት የሚነሳ መኪና ረጅም መንገድ ሄዶ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ እምቢ ካለህ ባትሪውን አትጠርጥር። የጋለ ናፍጣ ይቀጥናል፣ ያረጀ ፖምፓ ውስጥ ያመልጣል፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ፍጥነት ግፊት አይሠራም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርገህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከተነሳ በሽታው እሱ ነው፣ እዚሁ አሳድሰው። ይህ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፣ ስለዚህ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይፈጀዋል። የናፍጣ ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ውሃ በየሳምንቱ አፍስስ።

ጉልበቱ ይቀንሳል ብለህ አትስጋ። የጅማ አየር ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ወደ አንድ አምስተኛ ይሳሳል፣ እዚያ እንዲያውም ይበረታልሃል። ግን ጉልበት እንዲጨምር ብሎ እዚህ ናፍጣ የሚጨምረውን የፖምፓውን ቪት (ብሎን) ያጠበቀ ሰው ካለ አስመልሰው። እዚያ ትርፉ ናፍጣ ሁሉ እየነደደ ሞተሩን ያግለዋል።

ዘይቱ የናፍጣ 15ደብሊው-40 ይሁን፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይረው። የታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ካልነገረህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። የአየር ፊልትሮ፣ የደረቁ የውሃ ቱቦዎች፣ የጎማ ንፋስ፣ ይህን ታውቀዋለህ። ከባሕሩ ጨው የተነሳ ሻንሲውን ከሥር ቶሎ ቶሎ አሳጥበው።

አቀበት ላይ አንድ ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩን ፈጠን አድርገህ ውጣ። የውሃ ፖምፓውም ቬንትሌተሩም የሚዞሩት በሞተሩ ነው። በከባድ ማርሽ ስታስጨንቀው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ማቀዝቀዣው ይደክማል።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ሻንጣህን ሳትሸክፍ አንድ ነገር አድርግ። እንደምትሄድበት ቀን ጭነህ፣ በቀትር፣ በሶኮሩ በኩል እስከ ግቤ ወንዝ ውረድ። ኤሲ ካለው ክፈትና የወልቂጤን አቀበት ውጣ። ላይ ስትደርስ ሃያ ደቂቃ አጥፍተኸው መልሰህ አስነሳ። ጌጁ የት እንደቆመና ባንድ ምት መነሳት አለመነሳቱን ጻፍልኝ። የራዲያተሩንም ውሃ፣ ሞተሩ በርዶ ስትከፍተው፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከቀለሙ ብዙ ነገር እነግርሃለሁ።