ለሲ ተማሪ ታናናሾቼ፦ ተነጣጥሎ የመጣላችሁን መልሳችሁ አታጣብቁት

ሰላም ልጆች፣ ፖሊ ግቢ ያላችሁም፣ ተመርቃችሁ ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይታችሁ ማታ ማታ ኮድ የምትጽፉም፣ ሐይቁ ዳር ካፌ ላፕቶፕ ከፍታችሁ «ጋሼ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» የምትሉኝም፣ ይህን የምጽፈው ለናንተ ነው። ፕሮግራሚንግን በሲ ቋንቋ መጀመራችሁ ደስ ይለኛል፣ ዴኒስ ሪቺ በፈረንጆቹ 1972 አካባቢ ቤል ላብስ ሆኖ የሠራው ቋንቋ ዛሬም የሊነክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የሚጻፍበት ነው፣ ማሽኑን በደንብ ያሳያችኋል። ግን ከምታሳዩኝ ኮድ ውስጥ አንድ ነገር እየደጋገመ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ከኮማንድ ላይን (ተርሚናል ላይ ከሚጻፈው መስመር) የፋይል ስም ይቀበላል፣ ስሙን ጽሑፍ ከጽሑፍ በሚቀጥለው ስትርካት ከአንድ ትእዛዝ ጋር ያጣብቀዋል፣ ከዛ ትእዛዝ ለሚያስኬደው ሲስተም() ለሚባለው ፈንክሽን ይሰጠዋል። ስትሞክሩት ይሠራል። ለዛ ነው ማንም ሳያስቆማችሁ እስከ ሥራ ቦታ ድረስ ይዛችሁት የምትሄዱት።

እስቲ መጀመሪያ የሚሆነውን እንየው። ተርሚናል ላይ ስትጽፉ ቀድሞ የሚያነበው ሼሉ፣ ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። ስፔስ ባለበት ይቆርጣል፣ ኮከብ ካለ በፋይል ስሞች ይተካዋል፣ ጥቅሱን ያወልቃል፣ ከዛ ቃላቱን አንድ በአንድ ለይቶ ለፕሮግራማችሁ ያስረክባል። አርግሲ ብዛቱ ነው፣ አርግቪ ዝርዝሩ፣ ዜሮኛው ላይ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ስም አለ፣ ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ ዝርዝሩ ማለቁን የሚያሳይ ነል አለ። በቃ ፕሮግራማችሁ የሚጀምርበት ሜይን ውስጥ ስትገቡ የመለያየቱ ሥራ ተሠርቶ አልቋል። እናንተ ታዲያ ያንን ተለያይቶ የመጣ ቃል መልሳችሁ አንድ ረጅም ስትሪንግ (የፊደሎች ሰንሰለት) ታደርጉታላችሁ፣ ሲስተም() ደግሞ ስትሪንጉን ይዞ አዲስ ሼል ያስነሳል፣ ሊነክስ ላይ /ቢን/ኤስኤች ማይነስ ሲ ብሎ ማለት ነው፣ ያ ሼል ከዜሮ ጀምሮ እንደገና ይቆርጠዋል። በዚህ ሁለተኛ ቆረጣ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው።

ምሳሌውን ከቤታችን ላምጣው። የፋይላችሁ ስም «ባሕር ዳር» ነው እንበል፣ መሀሉ ላይ ስፔስ አለ። ተርሚናል ላይ በጥቅስ አድርጋችሁ ትሰጡታላችሁ፣ አርግቪ 1 ላይ አንድ ቃል ሆኖ በትክክል ይገባል፣ እስከዚህ ሰላም ነው። ከዛ የፋይል ይዘት ከሚያሳየው ካት ከሚለው ትእዛዝ ጋር አጣብቃችሁ ሲስተም() ስትሉት ጥቅሱ ድሮ ወልቋል፣ አዲሱ ሼል «ባሕር» የሚባል ፋይልና «ዳር» የሚባል ፋይል ብሎ ለካት ይሰጠዋል፣ ሁለቱም የሉም።

በዚህ ምክንያት የደረሰ ነገር አይቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፎልደር ስም ተቀብሎ ታር በሚባለው የማሸጊያ ትእዛዝ የሚያሽግ ትንሽ የሲ ፕሮግራም ነበር፣ ማታ ማታ በክሮን (ሰዓት ጠብቆ ፕሮግራም በሚያስነሳው) ይነሳል። ፎልደሩን የከፈተችው ጸሐፊ «ባሕር ዳር 2012» ብላዋለች፣ ምን ጥፋት አለባት፣ ሰው በቋንቋው ይሰይማል እኮ። ታር ሦስት የሌሉ ነገሮች ፈለገ፣ አጣ፣ ባዶ ፋይል ፈጥሮ በስህተት ቁጥር 2 ወጣ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ሲስተም() የመለሰውን ቁጥር ሳያይ «ባካፕ ተጠናቋል» ብሎ ሎግ ላይ ጻፈ። ሃርድ ዲስኩ የሞተ ቀን ነው የታወቀው። የሰው የጡረታ መረጃ፣ የሰው ደሞዝ ነበር እዛ ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ከወረቀት እንደገና ሲተይቡ ከረሙ፣ ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ሪተርን ቫልዩውን (ፈንክሽኑ የመለሰውን ቁጥር) እዩ የምላችሁ ለዚህ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሊነክስ ላይ ታር በ2 ቢወጣ ሲስተም() የሚሰጣችሁ 2 ሳይሆን 512 ነው፣ ትክክለኛውን ለማውጣት ደብልዩኤግዚትስታተስ የሚባለው ማክሮ አለ፤ ከዛ ውስጥ 127 ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ አልተገኘም ማለት ነው።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። 50 ባይት በፈር (ለስትሪንጉ የሚያዝ የሜሞሪ ቦታ) ታዘጋጃላችሁ፣ ሰውየው የፈለገውን ያህል ይሰጣችኋል፣ ስትርካት ዝም ብሎ እየገለበጠ ከበፈሩ አልፎ ሌላ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። የአማርኛ ስም ሲሆን ይሄ ቶሎ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ «ባሕር ዳር» በዓይን ስድስት ቦታ ቢመስልም ባይት ቆጣሪው ስትርለን 16 ነው የሚላችሁ፣ መዝጊያዋን ዜሮ ስትጨምሩ 17። በፈረንጆቹ 1988 በኔትወርክ ራሱን ያሰራጨው የሞሪስ ዎርም ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ፊንገር የሚባለው ሰርቪስ ነበር፣ የሚጠቀምበት ጌትስ() ፈንክሽን ርዝመት ሳይለካ ስለሚያነብ። ያ ፈንክሽን በ2011ዱ የሲ ስታንዳርድ ጭራሽ ወጥቷል፣ ስትርካት ግን አሁንም አለ። ስትሪንግ መሥራት ግድ ከሆነባችሁ የበፈሩን መጠን የሚያከብረውን ኤስኤንፕሪንትኤፍ ተጠቀሙና የመለሰውን ቁጥር ከበፈሩ መጠን ጋር አወዳድሩ፣ እኩል ወይ በላይ ከሆነ ተቆርጧል፣ የተቆረጠ ትእዛዝ ደግሞ መቼም አታስኪዱ፣ የመንገዱ ስም ግማሹ ቀርቶ ሌላ ፎልደር ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ክፉ ሰው ሲመጣበትስ? ዩኒክስ ላይ የፋይል ስም ከስላሽና ከዜሮ ባይት በቀር ማንኛውንም ነገር መያዝ ይችላል፤ ሴሚኮለን፣ ፓይፕ፣ ዶላር ምልክት፣ አዲስ መስመር እንኳ። ስሙ ውስጥ ሴሚኮለን ከትቶ ከኋላው የመደምሰሻ ትእዛዝ ካስከተለ ሼሉ መጀመሪያ የናንተን ያስኬዳል ከዛ የሱን፣ ሁለቱንም በናንተ ፕሮግራም ፈቃድ፣ ፕሮግራሙ በሩት (ሁሉ በሚፈቀድለት የበላይ ተጠቃሚ) የሚሮጥ ከሆነ በሩት። «ሲንግል ኮት (ነጠላ ጥቅስ) ውስጥ ከትቼዋለሁ» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም፣ ስሙ ራሱ ሲንግል ኮት ቢይዝስ? ጥቅሱን ይዘጋዋል፣ ከዛ ወዲያ ያለው እንደ ትእዛዝ ይነበባል። ሼሉ ራሱም ቀዳዳ አያጣም፣ በፈረንጆቹ 2014 ሼልሾክ የተባለው ባሽ የሚባለው ሼል ችግር ሲወጣ፣ ባሽን በሲስተም() በኩል የሚጠሩ የዌብ ፕሮግራሞች የራሳቸው ኮድ ደህና ሆኖ ሳለ አብረው ተጋለጡ።

መፍትሔው የሚከብድ አይደለም፣ ሼል የሚባለውን ደላላ ከመሀል አውጡት። ፎርክ() ብላችሁ ልጅ ፕሮሰስ (የፕሮግራማችሁን ቅጂ) ፍጠሩ፣ ልጁ ውስጥ ቅጂውን በሌላ ፕሮግራም የሚተካውን ኤግዜክቪፒ()ን ጥሩት። ይሄ ፈንክሽን የሚፈልገው ስትሪንግ ሳይሆን ዝርዝር ነው፣ መጀመሪያ «ታር»፣ ከዛ ኦፕሽኑና የማሸጊያው ስም፣ ከዛ ሁለት ዳሽ ለብቻው፣ ከዛ አርግቪ 1 እንዳለ ሳትነኩት፣ መጨረሻ ላይ ነል። ስፔስ ቢኖረው፣ ሴሚኮለን ቢኖረው፣ ማንም አይቆርጠውም፣ እናንተ ጋ እንደመጣ ታር ጋ ይደርሳል። ሁለቱን ዳሽ አትርሱ፣ ስሙ በዳሽ የሚጀምር ፋይል ከመጣ ታር ኦፕሽን መስሎት እንዳይቀበለው ነው። ኤግዜክቪፒ() ከተሳካለት አይመለስም፣ ከተመለሰ ከሽፏል፣ ስለዚህ ከሱ ቀጥሎ ያለው መስመር ኤረሩን ጽፎ አንደርስኮር ኤግዚት 127 ይበል፣ ይህን ካልጻፋችሁ ልጁ የወላጁን ኮድ እየሠራ ይቀጥልና ሁለት ፕሮግራም ይሆንባችኋል። ወላጁ በዌይትፒአይዲ() ይጠብቅ፣ ውጤቱን ይመልከት።

ሲስተም()ን ፈጽሞ አትንኩት አልልም። ትእዛዙ እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁት ቋሚ ስትሪንግ ከሆነ፣ ከውጭ የገባ ነገር ከሌለበት፣ ፕሮግራሙም የሩት ፈቃድ ከሌለው ለግል ሥራ ይበቃል። ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያውኑ ትእዛዝ መጥራት አያስፈልግም፣ ፋይል ለማጥፋት ሪሙቭ()፣ ስም ለመቀየር ሪኔም()፣ አዲስ ፎልደር ለመፍጠር ኤምኬዲር() አሉላችሁ፣ ለዚህ ሼል ማስነሳት ምን ያደርጋል።

ዛሬ ማታ መብራት ካለ ባዶ ፎልደር ክፈቱና አራት ፋይል ፍጠሩ፤ አንዱ መሀሉ ስፔስ ያለው፣ አንዱ ሲንግል ኮት ያለበት፣ አንዱ በዳሽ የሚጀምር፣ አንዱ ሴሚኮለን አስከትሎ ኢኮ የሚል፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ትእዛዝ የያዘ፣ ሌላ ትእዛዝ እንዳታደርጉ። የድሮ ፕሮግራማችሁን በአራቱም ሞክሩት፣ ከዛ በኤግዜክቪፒ() የጻፋችሁትን። ያልገባችሁ ካለ ኮዱን ይዛችሁ ኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር አለሁ።