በርበሬውን ለዛሬ አስቀምጡት፦ የአይሪሾች የበግ ስቱ

አየርላንድ አዲስ ለገባችሁ ወገኖቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኅዳር ሲገባ ገና አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከሥራ ስትወጡ ዝናብ ነው፣ ንፋስ ነው። በዛ ድካም ቤት ገብቶ፣ ሽንኩርት ከትፎ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ቁሌት ለማቁላላት ማን አቅም አለው? ስለዚህ ወይ የሳምንቱን ወጥ እሁድ ሠርተን ፍሪዘር ውስጥ እንከታለን፣ ወይ ከመንገድ ቺፕስ ገዝተን እንገባለን። እኔም ዓመታት እንደዛ ኖሬያለሁ። ከዛ ያወጣኝ የአገሩ ሰው ስቱ የሚለው የበግ ድስት ነው።

"የፈረንጅ ምግብ አይጥመኝም" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን ቅቅል ትወዳላችሁ አይደል? የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ውሃና ጨው። በቃ፣ ስቱ ማለት ይሄው ነው። ቅቤና እርድ የለውም፣ ቃሪያም አይገባበትም። መረቁን የሚያወፍረው ድንቹ ራሱ ነው።

ያስተማሩኝ በአረጋውያን መንከባከቢያ ስሠራ የማግዛቸው አንዲት እናት ናቸው። "ሽንኩርቱን መጀመሪያ ላቁላላው?" ብዬ ስጠይቃቸው ገርሟቸው "ለምን?" አሉኝ። እናታቸው ሁሉንም በጥሬው ደርድረው፣ ውሃ ጨምረው፣ ከድነው ሌላ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ስነግራቸው ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ልጆቻቸው በጾማቸው ወቅት በካርቶን ሳጥን ለኛ ሳንቲም ያጠራቅሙ እንደነበር አጫወቱኝ። የነሱም አገር ረሃብን ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ለዓመታት ድንቹን በሽታ መትቶት ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አልቋል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ አገር ጥሎ ተሰዷል። እኚህ እናት ድንች ሲልጡ ልጣጩ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

ወደ ድስቱ እንምጣ። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ የበግ አንገት ግዙ። አንገት ከሌለ ጂጎት ቾፕ የሚሉትን ከትከሻ የሚቆረጠውን ጠይቁ። ሥጋ ቤት ገብታችሁ "ለስቱ ነው" ካላችሁ ሰውዬው ራሱ ያውቀዋል፣ ቆራርጦም ይሰጣችኋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ አጥንቱ ወጥቶለት በፓኮ የታሸገውን ተዉት። ይወደዳል፣ መረቁም ውሃ ውሃ ይላል። አጥንት የሌለው ቅቅል ቅቅል ነው እንዴ?

ድንቹም አንድ ኪሎ ይሁን፤ እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም እኔ መጀመሪያ የተበላሸብኝ በድንቹ ነው። ድንች ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲበስል እንደ ዱቄት የሚፈርስ አለ፣ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት ቅርጹን የማይለቅ አለ። እኔ የማይፈርሰውን ገዝቼ መረቁ እንደ ቀጠነ ቀረ። አየርላንድ ውስጥ ሩስተር የሚባለውን ቀይ ልጣጭ ያለውን ውሰዱ፤ የትም አለ። አሜሪካ ያላችሁ ራሴት ይሆናችኋል።

ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት በወፍራሙ ቁረጡ። እንደ ወጥ ሽንኩርት አትክተፉት። ሦስት አራት ካሮትም ጨምሩ። ካሮት የሌለበት ነው እውነተኛው ብለው የሚከራከሩ አይሪሾች አሉ፤ እኔ ግን ጣፋጭነቱን እወደዋለሁ፣ ልጆችም ይበሉታል። የድንቹን ግማሽ በስሱ ቆርጣችሁ ከታች አንጥፉ፤ እሱ ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል። በላዩ ሥጋውን፣ ሽንኩርቱንና ካሮቱን ደርድሩ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት ሦስት ዘለላ ጦስኝ ጣል አድርጉ። የቀረውን ድንች ለሁለት ለሁለት ቆርጣችሁ ከላይ አስቀምጡ። ውሃው ሥጋውን ይሸፍን፣ የላዩን ድንች ግን አይዋጠው። አንድ ሊትር ገደማ ይበቃዋል።

አንዴ ሲፈላ አረፋውን ግፈፉና እሳቱን ወደ ታች አድርጉት። ከዚህ በኋላ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታዩ ከመረቁ ላይ አንድ ሁለት አረፋ ቀስ ብሎ ብቅ ማለት አለበት፤ ከተንተከተከ በዝቷል ማለት ነው። ቸኩዬ እሳት ያበዛሁበት ቀን ሥጋው እንደ ጎማ ነበር የሆነው። አታማስሉት። ሥጋው ከአጥንቱ በማንኪያ ሲለቅ ደርሷል። አውጡና ላዩ ላይ የተከተፈ ፓርስሊ ነስንሱበት።

መረቁ ጠብሰቅ እንዲል ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ሁለት እፍኝ የተፈተገ ገብስ ጨምሩና ውሃውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። የሐበሻ ሆድ ገብስ ይስማማዋል። አብሮት የሚበላው ሶዳ ብሬድ ደግሞ እርሾ አይፈልግም፤ ዱቄት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨውና የነሱ አሬራ ብቻ ነው።

አደራ፣ የመጀመሪያውን ቀን በርበሬ አትጨምሩበት። ምጥን ሽሮውም ይቅር፣ ኮረሪማውም። በርበሬ ከገባ የቀጠነ ወጥ በላችሁ እንጂ ስቱ አልበላችሁም፤ የበጉና የድንቹ ጣዕም ይጠፋባችኋል። አንዴ እንደ ባህሉ ቅመሱት። ሚጥሚጣ የግድ ካለ በሳህናችሁ ጠርዝ ይሁን።

ሌላም ደብሊን ውስጥ ኮድል የሚሉት ድስት አለ፤ ሲያዩት ስቱ ይመስላል። ውስጡ ግን የአሳማ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ነው። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ ድስት ከቀረበ ምን እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ አይቀየሙም። ሙስሊም ወገኖቼም ሥጋውን ከሐላል ሥጋ ቤት ገዝታችሁ በዚሁ መንገድ ሥሩት፣ ምንም የሚቀነስ ነገር የለውም። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ደግሞ ሥጋውን ትታችሁ በዘይት፣ በባሮ ሽንኩርት፣ በካሮት፣ በድንችና በገብስ ሥሩት። እሱ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስቱ ይበልጥ የሚጥመው በማግስቱ ነው። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ላዩ ላይ የረጋውን ነጭ ሞራ በማንኪያ አንሱለት፣ ማታ በዝግታ አሙቁት። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይላችኋል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ድንቹ ሲቀልጥ ውሃ ያዝልና ይበላሻል።