«ገና ነው» እያላችሁ ገና አይለፋችሁ

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ማንጎ መናፈሻ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠጣ አንድ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ጋሼ፣ ጌም እየሠራሁ ነው» አለኝ።

«ጎበዝ! አለቀ?»

«ኧረ ገና ነው።»

«ከጀመርከው ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት ተኩል።»

ከፍቶ አሳየኝ። አሥራ ሁለት ደረጃ ታቅዷል። አራት ጀግኖች፣ የመሣሪያ ሱቅ፣ በኢንተርኔት እርስ በርስ መጋጠሚያ። የሚሠራው ግን አንድ ሰውዬ ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ብቻ ነው። ሰውዬው ቆንጆ ነው፤ ጥላ ሳይቀር አለው። አልሳቅኩበትም። እኔም እዚያው ቤት ነበርኩ። ይቺን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። የደመወዝ መክፈያ፣ የንብረት መመዝገቢያ፣ የወር ሪፖርት። የደመወዝ ሶፍትዌር ከፍቶ «እስቲ አንድ ዙር ልድገም» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ጌም መሥራት የጀመርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

መስከረም 2011 ላይ «ለገና አንድ ጌም ሠርቼ በነፃ እሰጣለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ያሰብኩት ራሱን የገና ጨዋታን ነው። ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩሩን (ኳሱን) የምንለጋበትን። እዚያ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። ሁለት ሙሉ ቡድን አስገባሁ። ከዚያ ጉግስ ጨመርኩ። ከዚያ የዘጌና የደቅ ሜዳ ለየብቻ መሳል አማረኝ። ታኅሣሥ 29 ደረሰ። ዶሮው ቀርቦ ሳለ የእህቴ ልጆች «ጋሼ፣ ጌሙ አለቀ?» አሉኝ። በገና ቀን «ገና ነው» ብዬ መለስኩ። ሳቁብኝ።

ያለቀው ጥር 24 ነው። ቄጤማው ከተጠረገ፣ ጥምቀትም ካለፈ በኋላ። ያወረዱት እነዚያው የእህቴ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እንደውም አዝኖልኝ ይመስለኛል።

መሥሪያ ቤት ቀን ያራዝማል። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ፕሮጀክት ሁሉ ተራዝሟል፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ያልፋል። በዓል እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይቀበልም። ለዚህ ነው ጀማሪ ሲጠይቀኝ «የበዓል ጌም ሥራ፣ ትንሽ ይሁን፣ በነፃ ስጠው» የምለው። ቀኑ ራሱ መቀስ ነው። ሩቡን ሳትሠሩ ወሩ ሲያልቅ ምን እንደምትጥሉ ታውቁታላችሁ።

በ2012 መቀሱን ራሴው አነሣሁ። አንድ ልጅ፣ አንድ ዱላ፣ አንድ ሩር፣ ሐይቁ ዳር አንድ ሜዳ። ሩሩ እየተንከባለለ ይመጣል፤ ስክሪኑን ስትነኩ ልጁ ይለጋል። ሦስቴ ከሳታችሁ አለቀ። አንድ ዙር ከደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ባለቤቴ አየችውና «ይቺው ናት?» አለች። ይቺው ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ፖንግም እኮ ሁለት ዱላና አንድ ነጥብ ነበር፤ ሰው ሳንቲም እየከፈለ ተጫውቶታል።

ትንሽነት አልቀለለኝም። ትልቅ ጌም ውስጥ ጥፋት ይደበቃል። እዚህ አንድ ነገር ብቻ ስላለ እሱ ካልጣመ ምንም የለም። ሩሩ ሲመታ አንዳች ነገር እጅ ላይ መሰማት አለበት። ሁለት ሳምንት እዚያ ላይ ከረምኩ። በመጨረሻ የሠራው ነገር ይኼ ነው፦ ዱላው ሩሩን ሲነካ ጨዋታውን ለሦስት ምስል ያህል ቀጥ አደርገዋለሁ። በሰከንድ 60 ምስል ስለሚሄድ ይህ 0.05 ሰከንድ ነው። ማንም አያስተውለውም፤ ስታወጡት ግን ምቱ ጥጥ ይሆናል። ድምፁን የቀዳሁት ጓሮዬ ውስጥ በወይራ ዱላ ጉቶ እየመታሁ ነው። ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ በአጥሩ ላይ አየኝ።

ደግሞ ለተጫዋቹ ቸር ሁኑ። የዱላዬ መምቻ ክልል ከሥዕሉ ሰፋ ያለ ነው። በጥቂቱ የዘገየም ይመታለታል። ማጭበርበር ነው? ነው። ተጫዋቹ ግን «ጎበዝ ነኝ» ይላል እንጂ «ተጭበረበርኩ» አይልም።

አንዱን ስህተቴን ሆን ብዬ ተውኩት። ለማሳመሪያ ውሃው ላይ አንድ ፔሊካን አስቀምጬ ነበር። የመነካካት ክልሉን አስፍቼው ኖሮ፣ ከፍ ብሎ የተለጋ ሩር በሙሉ አፉ ውስጥ እየገባ ቀረ። ላስተካክል ስል ልጆቹ ጮኹ። ለካ ሆን ብለው እያበሉት ነው! እናም ነጥብ ሰጠሁበት። በዚህ እንኳ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ፣ ጠላቶቹ ቁጥራቸው ሲቀንስ የሚሳለው ስለሚያንስ ማሽኑ ይቀለዋል፤ የቀሩት ይፈጥናሉ። አላረመውም። የጨዋታው ልብ ምት እሱ ሆነ።

ሁሉም ስህተት ግን እንዲህ የታደለ አይደለም። የእህቴ ትንሿ ልጅ 400 ነጥብ አገባች ተብሎ ቤቱ ተደበላለቀ። እኔ ከ90 አልፌ አላውቅም። ስልኳን ተቀብዬ ባየው አሮጌ ነው፤ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ነው የሚችለው። እኔ የሩሩን ርምጃ በምስል ቆጥሬው ነበር። ስለዚህ በእሷ ስልክ ሩሩ በግማሽ ፍጥነት እየተንፏቀቀ ይመጣላታል። ርምጃን በምስል አትቁጠሩ። ካለፈው ምስል ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ሞተሩ (ጌም መሥሪያው ፕሮግራም) ይነግራችኋል፤ በእሱ አባዙት። አረምኩት። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ዘውዴን ወሰድክብኝ ትለኛለች።

ሞተር ካልኩ አይቀር፦ የምጠቀመው ጎዶት ነው። አርጀንቲናውያን የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ። ፊደላችን መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣባችሁ አትደንግጡ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት አስገቡ።

ጽሑፉንም ተጠንቀቁበት። ተጫዋቹ ሲሳሳት በቀይ «ተሸንፈሃል!» ይል ነበር። ያቺው ባለዘውዷ «ለእኔ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ ጌሜ ሴት ልጅ ትጫወተዋለች ብሎ አላሰበም። ደግሞስ በዓል ቀን ሰው ላይ ምን ያስጮኻል? አጠፋሁትና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ሰው ሲሸነፍ ይስቃል።

ከዚያ ባጃጅ ተራ ሄድኩ። ተራ ለሚጠብቅ ሹፌር ስልኬን ሰጥቼ ዝም አልኩ። ይሄ ዝምታ ይከብዳል፤ አፍህ «እዚያ ጋ ንካው» ሊል ይበላሃል። ሹፌሩ ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን ቁልፍ አላየውም። ሩሩን ራሱን ነው በጣቱ የወጋው። እሱ አልተሳሳተም፤ ቁልፉን አውጥቼ ስክሪኑን በሙሉ ቁልፍ አደረግሁት። በበዓል ቀን ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከቡናው አጠገብ ያለችው አክስትም ትቀበላለች። የማብራሪያ ገጽና «ይመዝገቡ» የሚል ነገር ካለ አክስት ስልኩን መልሳ ወደ ጀበናዋ ነው።

ለምን በነፃ ትላላችሁ። የበዓል ጌም ዕድሜው ሳምንት ነው። በሳምንት ከማስታወቂያ የሚገኘው ሳንቲም የሞባይል ካርድም አይገዛም። ማስታወቂያ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የእኔ ጌም ደግሞ የሚሄደው በቴሌግራምና ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያሻግረው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ነው። ስለዚህ ቀላል ይሁን። የእኔ መጀመሪያ 61 ሜጋባይት ነበር፤ ያልተጨመቀ ድምፅ ነው ያሳበጠው። ጨምቄው 23 ገባ። ነፃ ነው ብላችሁ ግን የሰው ዘፈን አትውሰዱ።

አሁን ወደ ዋናው ውርደቴ። ጌሙ በ2012 በሰዓቱ አለቀ። እንደውም ቀን ቆጣሪ አስገባሁበት፣ «ለገና ይህን ያህል ቀን ይቀራል» የሚል። በዕለቱ የሚበራ ልዩ ሜዳም ሠራሁ። ጠዋት እናቴ ቤት ተሰብስበን ሁሉም ስልኩን ከፈተ። «ለገና 1 ቀን ይቀራል» ይላል።

እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንተ፣ ዘንድሮ እኮ ዮሐንስ ነው!» አለችኝ።

የሉቃስ ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ስለዚህ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። ይህን ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ታውቀዋለች። እኔ 29ን በኮዱ ውስጥ ቸንክሬዋለሁ። ይባስ ብሎ በስልኩ የፈረንጅ ቀን ጃንዋሪ 7 ብዬ ብተወው ምንም አይሆንም ነበር፤ በእኛ ዕድሜ እሱ አይዛነፍም። በራሳችን አቆጣጠር ልራቀቅ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ አርሜ በቴሌግራም ላክሁ። በዜንደር የወሰዱት ግን አሮጌው ቀረባቸው። በማግስቱ ልዩው ሜዳ በራላቸው፤ «ጋሼ፣ ዛሬም ገና ነው እንዴ?» እያሉ ደወሉልኝ። የሚቀጥለው ዮሐንስ 2020 ነው፣ ጻፉት።

እንዲህ ተዋርጄም ቢሆን ጌሙ በበዓሉ ቀን ሰው እጅ ላይ ነበር። ያለፈው ዓመት ሁለት ቡድኔና ጉግሴ አልነበሩም።

የፖሊውን ልጅ ምን አልኩት? ከአሥራ ሁለቱ ደረጃ አሥራ አንዱን ሰርዝ፣ ሰውዬውን አስቀረው፣ አንድ በዓል ምረጥ። ፊቱ ጠቆረ። ላፕቶፑን ዘግቶ ተነሣ። ተቀይሞኛል መሰለኝ፣ የማኪያቶዬን ሒሳብ ግን ከፍሎ ነው የሄደው። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና «ለየትኛው በዓል ይሻላል ታዲያ?» አለኝ። ራሱ ይምረጥ ብዬ ዝም አልኩ።

እኔ ለቡሄ አንድ ጀምሬያለሁ። ነሐሴ 13 ነው፤ ዮሐንስም ሆነ ሉቃስ አያነቃንቀውም፣ እናቴን ጠይቄያለሁ። ልጁ ይዞራል፣ ሙልሙሉም ይሰበሰባል። ጅራፉ ብቻ እስካሁን አልጮኸልኝም።